መርዶ ያልተነገረው ሞተር

ተረቴ መጣ!
በምን መጣ?
በሁለት ጎማ፣ አቧራውን እያስነሣ መጣ!
ይግባ፣ ይግባ፣ ቦታ አለው!

እንግዲህ ስሙኝ። ዱሮ ዱሮ፣ ብረት እንደ ሰው በሚያወራበት፣ አይጥም እንደ ጎረቤት ነገር በምታመላልስበት ዘመን፣ በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ዳማ የሚባል ሞተር ነበር።

ዳማ ማለት ቀላ ያለ ፈረስ ነው። ታዲያ ሞተር እንዴት የፈረስ ስም ወጣለት? ጌታው ድሬሰር ወንድይራድ ነው ያወጣለት። ድሬሰር ደግሞ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም በሌለበት ሐኪም የሆነ ሰው ነው። ፈረስ ስላልነበረው ቀይ ሞተሩን ዳማ አለው። የአገሩ ሰው ባለፈረስን በፈረሱ ስም መጥራት ልማዱ ነውና፣ ድሬሰሩን "አባ ዳማ" ይለው ጀመር።

አቤት ያን ጊዜ! ዳማ ዱግ ዱግ ዱግ እያለ ዳገቱን ሲወጣ እናቶች ትኩሳት የያዘውን ልጃቸውን ታቅፈው መንገድ ዳር ይቆማሉ። ሲመለስ ደግሞ፣ ገና ከድልድዩ ማዶ ሳለ፣ የድሬሰሩ ሚስት በላይነሽ ድምፁን ለይታ የእግር ውሃ ታሞቃለች። ዳማም ኮርቻው ላይ የመድኃኒት ቦርሳ፣ ጎማው ላይ የሰባት ቀበሌ ጭቃ ይዞ በኩራት ይገባል።

አንድ ቀን ድሬሰሩ ዳማን ዕቃ ቤት ውስጥ አቆመው። ኮርቻውን መታ መታ አደረገና፣ "ቆየኝ፤ ትንሽ ልተኛና እንሄዳለን" አለው።

ወጣ። አልተመለሰም።

ዳማ ቆየ። አንድ ክረምት ቆየ። ሁለት ክረምት ቆየ። አሥራ ሁለት ክረምት ቆየ።

በመጀመሪያው ክረምት ዝገት መጣ። ለስላሳ ነው፣ ድምፁም ለስላሳ ነው።

"ዳማዬ፣ በርዶሃል። ጋቢ ልሁንህ?"

"ጌታዬ እስኪመጣ ከሆነ እሺ" አለ ዳማ።

"ይመጣል እንጂ! መንገዱ ርቆት ነው። አንተ ብቻ ተኛ። ሌላ ሰው ቢነካህ ደግሞ እንዳትነሣ፤ ክህደት ይሆንብሃል።"

ዝገት ይህን ያለው ለዳማ አዝኖ አይደለም። ብረት ሲሠራ ዝገት ይራባል፤ ብረት ሲተኛ ዝገት ይበላል። ነገሩ ይኸው ነው።

በሁለተኛው ክረምት አይጥ መጣች። በጭስ መውጫው፣ ማርሚታ በሚሉት ቧንቧ ውስጥ፣ ጭድ ጎዝጉዛ ቤት ሠራች። አይጧ ድሬሰሩ የት እንደቀረ ታውቃለች። ግን ዝገት፣ "ብትናገሪ ይነሣል፤ ከተነሣ ቤትሽ ምድጃ ነው የሚሆነው" ብሏታል። ስለዚህ አፏን ያዘች።

አሥራ ሁለተኛው ክረምት ሲወጣ፣ የዕቃ ቤቱ በር ሲጢጢጥ አለ። በላይነሽ ገባች፤ ጠጉሯ ነጭ ሆኗል። ከኋላዋ ምትኩ የሚባል ሰው ነበር። ምትኩ በየገጠሩ በእግሩ እየዞረ ሬዲዮና የልብስ ስፌት መኪና የሚጠግን ነው። ጉልበቱን ስላመመው ሞተር ሊገዛ መጥቷል።

"እትዬ፣ እንዲህ እንዳለ ልግዛውና በገመድ ጎትቼ ልውሰደው" አላት።

"አይሆንም!" አለች በላይነሽ። "ያ በኩራት የሚገባ ሞተር እንደ ሞተ ውሻ ሲጎተት አላይም። ቅዳሜ ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው። እስከዚያ ከተነሣልህ ያንተ ነው። ካልተነሣ ለቁራሌው እሰጠዋለሁ፤ ይቅለጥና ይረፍ።"

ቁራሌው የሚባለው አሮጌ ብረት እየሰበሰበ የሚሸጠው ሰው ነው። ዳማ ይህን ሲሰማ መቀመጫው ድረስ በረደው። "ጌታዬ እስከ ቅዳሜ ባይመጣስ?" አለ።

"ይመጣል" አለው ዝገት። "ተኛ።"

ረቡዕ ምትኩ መጣ። በዳማ ሆድ የቀረው ቤንዚን አርጅቶ እንደ ሙጫ ሆኗል፤ ያንን አጠበለት። ካንዴላውን፣ እሳት የሚሰጠውን ዕቃ፣ ፈታና በቀዳዳው ዘይት ጠብ ጠብ አደረገለት። አዲስ ቤንዚንም አጠጣው። ከዚያ ማስነሻውን ረገጠው፤ ዝም። ደገመው፤ ዝም። ሠለሰው፤ ዝም።

"አይዞህ" አለው ዝገት ለዳማ። "የጌታህ እግር አይደለም።"

ሐሙስ ምትኩ መጣ። "አየር አጥሮት ይሆናል" ብሎ ማርሚታውን ሲፈታ ጭድ ወጣ፣ ጨርቅ ወጣ፣ አምስት ጠጉር ያላበቀሉ የአይጥ ልጆች ወጡ። እናትየዋ ዓይኗን ጨፈነች። ምትኩ ግን ጎጆዋን እንዳለ አንሥቶ በአሮጌ ሰፌድ ላይ፣ ድመት በማይደርስበት ጥግ አስቀመጠላት። "አራስ ቤት እንዲህ አይፈርስም ነበር፤ ይቅርታሽን" አላት። ከዚያ ረገጠው፤ ዝም። ደገመው፤ ዝም። ሠለሰው፤ ዝም።

ዓርብ ምትኩ መጣ። ካንዴላውን በብረት ብሩሽ አጸዳው፤ ሲሞክረው ሰማያዊ ብልጭታ ጣ! አለ። ደስ አለውና ረገጠው። ዝም። ደገመው፤ ዝም። ሲሠልሰው ጉልበቱ ከዳውና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው" አለ ለራሱ። "ቤንዚን አለው። አየር አለው። እሳት አለው። ታዲያ ምን ጎደለው?"

"አንተ ሰው!"

"ማነው?"

"ታች፣ ታች! ከእግርህ ሥር ነኝ። ደግሞ እንዳትረግጠኝ፤ መርገጥ ልማድ ሆኖብሃል።"

አይጧ ናት።

"የጎደለው መርዶ ነው" አለችው፣ ዳማ እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የድሬሰሩን የለቅሶ ንፍሮ እኔ ራሴ በልቻለሁ። ለዳማ ግን ማንም አልነገረውም። እሱ ገና እየጠበቀ ነው።"

ምትኩ ሮጦ ለበላይነሽ ነገራት። በላይነሽ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

"ወይ ጉዴ! ቦርሳውን ለቅሶ አወጣን። ባርኔጣውን አወጣን። ጫማው ሳይቀር ወጣ። ሰዉ፣ 'ፈረስ ቢሆን አልብሰን እናወጣው ነበር፤ ይሄ ብረት ነው፣ ምን ያውቃል?' አለ። እኔም ብረት ነው አልኩ።"

"ታዲያ አሁኑኑ እንንገረው፣ እትዬ!"

"ዝም በል አንተ! መርዶ እንደ ሬዲዮ ወሬ ነው እንዴ? መርዶ በጠዋት ነው የሚነገር። ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገር። ሐዘንተኛ ብቻውን አይረዳም።"

ቅዳሜ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በላይነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ሁለት ጎረቤቶች ከፊት፣ ምትኩ ከኋላ ሆነው ወደ ዕቃ ቤቱ ገቡ። ዳማ ነጠላውን አየ። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አለባበስ፣ ይህን ያህል ሰው ለምን እንደሚመጣ ብረትም ያውቃል።

"እንዳትሰማ!" አለ ዝገት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ሻክሮ። "ተኛ! ተኛ!"

"አንተ ታውቅ ነበር?" አለው ዳማ።

"አንተን ላቆይህ ብዬ ነው።"

"ላንተ ማቆየትና መብላት አንድ ነው ለካ!"

በላይነሽ ቀርባ መሪውን ያዘች።

"ዳማዬ፣ አንድ ቤት ነበርን። ሳልነግርህ መቅረቴን ይቅር በለኝ። ያን ቀን ትንሽ ልተኛ ብሎ ጋደም አለ፤ ትኩሳት የሰው ብቻ ይመስለው ነበር። ሳምንት አልሞላውም። ስምህን ጠርቷል፤ 'ዳማ ብርድ ላይ ነው' ብሏል። ዳማ... ወንድይራድ ሞተ።"

ምትኩ እግሩን ማስነሻው ላይ አሳረፈና ቀስ ብሎ፣ እንደ ማጽናናት አድርጎ ተጫነው።

"ር..." አለ ዳማ።

"ሞተ" አለች በላይነሽ እያለቀሰች።

"ርርር... ርርርርርር!"

የተማሩ ሰዎች "ሞተር" የፈረንጅ ቃል ነው ይላሉ። ይሁን። በዚያች ከተማ ግን ሴቲቱ "ሞተ" ብላ የጀመረችውን እሱ በለቅሶ የጨረሰው ቃል ነው ይባላል።

ጎረቤቶቹ እንባቸውን ለቀቁት። ዳማም ለቀቀው፤ አሥራ ሁለት ዓመት የታመቀ ጥቁር ጭስ። ሲንቀጠቀጥ ዝገት ከላዩ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ረገፈ። "ጋቢህ ነበርኩ እኮ!" እያለ መሬት ላይ ቀረ።

ከዚያ የቀረውን ለቅሶ አደረሱ። ባርኔጣውን መሪው ላይ ሰቀሉ። ምትኩ ዳማን ቀስ አድርጎ ነዳው፤ እንደ ለቅሶ ፈረስ ግቢውን ሦስት ጊዜ አዞረው። በላይነሽ ከጎኑ እየሄደች፣ "ኮርቻህ ባዶ፣ ቦርሳህ ባዶ" እያለች ሙሾ አወረደችለት። ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ቆመች። ፊቷን ጠረገች። ነጠላዋን አገላብጣ ደህና አድርጋ ለበሰች።

"በል ሂድ" አለችው። "እኔም ልሂድ።"

በሩ ላይ ሲደርሱ ዳማ ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ።

"አንተ ሰውዬ፣ ስምህ ማነው?"

"ምትኩ እባላለሁ። ስሜ ነው እንጂ የማንም ምትክ አይደለሁም።"

"ደህና። እንግዲያው ለጥቂት ቀን በዝግታ ንዳኝ" አለው ዳማ። "ሐዘን ላይ ነኝ።"

"እሺ" አለ ምትኩ። በዝግታም ሄዱ።

አያችሁ፣ በአማርኛችን "ተረዳ" ማለት ገባው ማለት ነው። "ተረዳ" ማለት መርዶ ተነገረውም ማለት ነው። አባቶች ለሁለቱ አንድ ቃል የሰጡት ቃል አጥሯቸው አይደለም። ለዚህ ነው፣

ያልተረዳ ሐዘንተኛ፣
ቢቀሰቅሱት እንደተኛ

የሚባለው።

ተረቴን ለሌላ አውሩ፣ ያንቀላፋን አትቅበሩ።