ዳዊቱ ከመምሬ ሣጥን እንዴት ወጣ

ተረት ልነግራችሁ ነው። «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ፤ ላምም የለኝ፣ በረትም የለኝ፤ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። እናኑ ትባላለች። ዕድሜዋ አርባ አንድ ነው። መዋዕለ ሕፃናት ገብታ የሰው ልጅ ንፍጥ ስትጠርግ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላት። ከአራት ዓመት በፊት «ወደፊት ዲግሪ የሌላት ሕፃን አትይዝም» ተባለና ኢንተርኔት ውስጥ ከሚያስተምር ትምህርት ቤት ተመዘገበች። ትምህርት ቤቱ በር የለው፣ ዘበኛ የለው፣ እግሩ ላይ ወድቀው የሚለምኑት ሰው የለው። ትምህርቱም «የሰው ልጅ እድገትና የቤተሰብ ሳይንስ» ይባላል።

«ሰው እንዴት እንደሚያድግ ለማወቅ አራት ዓመት?» አልኳት። «እኔ አምስት ወልጄ አራቱን ስቀብር ማን ወረቀት ሰጠኝ?»

እሷ ስትናደድ ዝም ትላለች፤ እኔን አልመሰለችም።

የፈለገችው ትንሽ ነገር ነበር፤ አንድ የመጨረሻ ጽሑፍ መላክ። ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከምሽቱ አሥራ ሁለት። ካለፈ የአራት ዓመቱን ልፋት ውሃ በላው፣ በመስከረምም ከሥራዋ ትወጣለች። ዓርብ ጧት ላፕቶፕዋ ላይ አቀርቅራ አገኘኋት።

«አላለቀም?»

«ሥዕሉ ጎደለኝ፣ እማዬ። የሦስት ትውልድ ሥዕል ነው። ማን መቼ እንደተወለደ፣ ማን መቼ እንደሞተ፣ ማስረጃውም በፎቶ። አንቺ መቼ ተወለድሽ?»

«አንበጣ የመጣ ዓመት።»

«አንበጣ ቁጥር አይደለም።»

«እንግዲያ ከራስሽ ፈጥረሽ ጻፊያ!»

«የመጀመሪያው ትምህርታችን ‹አትዋሹ› ነው።»

ዓመታችን ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አባቴ ልጅም የልጅ ልጅም በተወለደ፣ ሰውም በሞተ ቁጥር ከዳዊቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይጽፍ ነበር። ስለዚህ ዳዊት ከሌለ ሥዕል አይሞላም፤ ሥዕል ካልሞላ ጽሑፍ አያልቅም፤ ጽሑፍ ካላለቀ ትምህርት ቤቱ ልጄን አያስመርቅም።

ነጠላዬን አጣፍቼ መምሬ ዘንድ ሄድኩ። ዳዊቱ እሳቸው ሣጥን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ተቆልፎበታል። አባታችን ሲሞት እኔና ወንድሜ ቢሻው «ለእኔ ይገባል፣ ለእኔ ይገባል» ተባባልንበትና፣ መምሬ ከመሃላችን ነጥቀው ቆለፉበት።

«መምሬ፣ ሣጥኑን ይክፈቱልኝ።»

«ደብሪቱ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ከእግዜር ጋር ነኝ።»

«እግዜር ተከራካሪ አልነበረም። ቢሻውን ይዘሽ ነይ።»

ቢሻው ካልመጣ መምሬ ሣጥን አይከፍቱም፤ መምሬ ካልከፈቱ ዳዊት አይወጣም፤ ዳዊት ካልወጣ ሥዕል አይሞላም፤ ሥዕል ካልሞላ ጽሑፍ አያልቅም፤ ጽሑፍ ካላለቀ ትምህርት ቤቱ ልጄን አያስመርቅም።

ቢሻው ደግሞ ስሜን መስማት አይፈልግም። ሚስቱ ስንዱ ከሞተች ሃያ ሁለት ቀኗ ነው፣ እኔም ለቅሶ አልደረስኩም። ሽማግሌ ያስፈልገኛል ብዬ የዕድራችን ዳኛ አያ ታከለ ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር።

«አያ ታከለ፣ የእናኑ ሰዓት ሳያልፍባት ቢሻውን ለምንልኝ።»

«ለቅሶ ላልደረሰ ሰው ሽማግሌ አይሄድም። ከዕድሩም ተሰርዘሻል።»

«መሰረዜን ማን ጠየቀህ? ስሞት ራሴን ቀብሬ እመለሳለሁ!»

«እንግዲያ ከቀብርሽ ስትመለሺ ብቅ በይ» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር። ቆይቶ ግን፣ «ደብሬ፣ ሂጂና አልቅሻት። አንቺ ካለቀስሽ እኔ እለምናለሁ» አለ።

እኔ ካላለቀስኩ አያ ታከለ አይለምንም፤ አያ ታከለ ካልለመነ ቢሻው አይመጣም፤ ቢሻው ካልመጣ መምሬ ሣጥን አይከፍቱም፤ መምሬ ካልከፈቱ ዳዊት አይወጣም፤ ዳዊት ካልወጣ ሥዕል አይሞላም፤ ሥዕል ካልሞላ ጽሑፍ አያልቅም፤ ጽሑፍ ካላለቀ ትምህርት ቤቱ ልጄን አያስመርቅም።

እኔም እምቢ አልኩ!

ለምን እንዳትሉኝ፤ እነግራችኋለሁ። ያኔ በዳዊቱ ስንጨቃጨቅ ስንዱ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ማንበብ ለማትችል ሴት ዳዊት ምን ይሠራላታል?» አለች። ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር። እውነት ነው፣ ያኔ ከመሠረተ ትምህርት ያተረፍኩት ስሜን መጻፍ ብቻ ነበር። እውነት ስለሆነ ነው የቆረጠኝ፤ ውሸት ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። «ቆመሽም ሞተሽም ደጅሽን አልረግጥም» ብዬ ወጣሁ። ቃሌንም ጠበቅሁ። የእኛ አገር ሰው በቁም ተጣልቶ በሞት ይታረቃል፤ እኔ ግን ሞቷንም ነፈግኳት።

ቤቴ ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እናኑ ላፕቶፑን ዘግታ ልብስ ታጥባለች።

«ተይው፣ እማዬ። እኔም ትቼዋለሁ። ሰው ቤት ልብስ አጥቤ እበላለሁ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሥዕሉን በእርሳስ ሞክራው አየሁ፤ ወንዱ አራት ማዕዘን፣ ሴቷ ክብ። አራት ትናንሽ ምልክቶች ተሰርዘዋል፤ ልጆቼ ናቸው፣ ሳትነግረኝ አወቅኋቸው። ከእኔ ክብ ወደ ቢሻው የሚሄደው መስመር ግን መሃሉ ላይ ተቆርጧል።

«ይሄስ ምንድነው?»

«የተቆረጠ ዝምድና።»

«ማን ቆረጠው ብለሽ ጻፍሽ?»

«ማን እንደቆረጠው አይጻፍም፣ እማዬ። መቆረጡ ብቻ ነው የሚጻፈው።»

ስድብ አልነበረም። ስድብ ቢሆን መልስ ነበረኝ።

ወጣሁ። የቢሻውን ደጅ ረገጥኩ። አያ ታከለ መምጣቴ እንደማይቀር ገምቶ ቀድሞኝ ኖሯል፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሁለት ቃል ብቻ ብዬ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። «ስንዱዬ» አልኩ፤ ሁለተኛው ቃል ጠፋኝ፣ ለቅሶው ቀደመኝ።

ቢሻው አላየኝም። መሬት መሬቱን እያየ ነው የተናገረው።

«ሦስት ቀን አጣጣረች። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ‹ደብሬ ናት?› ትለኛለች። ጎረቤት ነው እላታለሁ። ነፋስ ነው እላታለሁ። በሦስተኛው ቀን መጠየቋን ተወች።»

ነጠላዬን አውርጄ ፊቴን ሸፈንኩ።

አያ ታከለ ተነሥቶ፣ «ቢሻው፣ የእህትህ ልጅ ሰዓት እያለፈባት ነው። ለሞተችው ስትል ተነሥ» አለው። ቢሻው ከዘራውን ፈለገ።

እኔ አለቀስኩ፤ አያ ታከለ ለመነ፤ አያ ታከለ ሲለምን ቢሻው ተነሣ፤ ቢሻው ሲመጣ መምሬ ሣጥን ከፈቱ፤ መምሬ ሲከፍቱ ዳዊት ወጣ፤ «ደብሪቱ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ አንድ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በኅዳር» ይላል፣ መምሬ ሲያነቡት። ተጠርታ የመጣችው እናኑ ስልኳን ደግና ፎቶ ልታነሣ ስትል ቢሻው «ቆይ» አላት። እስክሪብቶ ተቀብሎ ስንዱ የሞተችበትን ቀን ጻፈ። ያኔ ሥዕል ሞላ፤ ሥዕል ሲሞላ ጽሑፍ አለቀ፤ ልጄም ልትልከው ወደ ቤት ሮጠች።

እኔ ቤቴ አልተመለስኩም። ከቢሻው ጋር ሄድኩና ያልተቀመጥኩትን ለቅሶ ተቀመጥኩ፤ እሱ በዚያ ጥግ፣ እኔ በዚህ ጥግ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እናኑ በሩን በርግዳ ገባች።

«ተቀበለኝ! እማዬ፣ ተቀበለኝ! አሥር ደቂቃ ሲቀረው!» እልል ልትል እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

«ቀስ በይ» አልኳት። «ለቅሶ ቤት ነው።»

እጇን አወረደች። ጫማዋን አውልቃ ከጎኔ ተቀመጠች።

ተረቴም እዚሁ ተቀምጧል። የመሸበት ይነሣ፤ ያልደረሰው ለቅሶ ያለበት ግን ቀድሞት ይውጣ።