የቀኑ የመጀመሪያ ዓሣ

ተረት ልጀምር ነውና ጠጋ ጠጋ በሉ። ጆሮ ያለው ይስማ፣ እንቅልፍ የያዘው ይተኛ። የተኛ ግን ነገ «ድገምልኝ» ብሎ እንዳይጨቀጭቀኝ።

ድሮ ድሮ፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ይመኑ ዓሣ አጥማጅ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ወባ ይዞት አልጋ ላይ ቀረ። ጎታው ባዶ፣ ድስቱ ባዶ፤ ሁለት ልጆች ደግሞ የእናታቸውን እጅ እጅ ያያሉ። ዓሣ ካልተገኘ ይመኑም አይድን፣ ልጆቹም አይከርሙ።

ትርንጎ የባሏን መንጠቆ ይዛ ሐይቁ ዳር ተቀመጠች። በሽተኛው «ውሃ» አለ። ሮጠች። ስትመለስ ትሉ ተበልቷል፣ ዓሣው የለም። ደግማ ተቀመጠች። ልጅ አለቀሰ። ሮጠች። ስትመለስ ትሉ ተበልቷል፣ ዓሣው የለም። ሦስተኛም እንዲሁ።

«የዚህ ሐይቅ ዓሣ በእኔ ትል ሊወፍር ነው» አለች።

ተናዳ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገድ የዘጋባትን የአሃያ ቅርንጫፍ ገፋ አድርጋ ልታልፍ ስትል፣ ቅርንጫፉ ተመልሶ ጆሮ ግንዷን አጮላት። አሃያን ታውቋታላችሁ፤ ውሃ ዳር የምትበቅለው፣ ቢያጎብጧት የማትሰበረው። ሌላ ሰው ቢሆን ይራገም ነበር። ትርንጎ ግን ጉንጯን እያሻሸች ቆመች።

«እኔን እንዲህ የመታ ዓሣን ምን ያደርጋል?» አለች።

ቅርንጫፉን ወደ ውሃው አጎነበሰችው። የመንጠቆውን ገመድ ጫፉ ላይ አሰረች። ችካል ተከለች፣ ችካሉን ሸረፍ አድርጋ ቅርንጫፉን ለአመል ያህል አያያዘችው። ዓሣ ትሉን ጎተት ሲያደርግ ቅርንጫፉ ከችካሉ ይፈናጠራል፤ መንጠቆውም አፉ ላይ ይሰካል። ከዚያ ወዲያ ትርንጎ ቤቷ ታስታምማለች፣ አሃያዋ ታጠምድላታለች።

በማግስቱ አንድ ቀረሶ ዓሣ ተንጠልጥሎ ሲወራጭ አገኘች። አንድ ብቻ። በዚያ አገር ደግሞ ወግ አለ፤ የቀኑ የመጀመሪያ ዓሣ፣ ማጥመድ ለማይችል ሰው ነው። ያም ሰው አባ ውቤ ነበሩ፤ ዓይናቸው የጠፋ፣ ጎጇቸው ሐይቁ ዳር ያለ ሽማግሌ። ትርንጎ ዓሣውን አየች፣ የልጆቿን ሆድ አሰበች፣ እንባዋ መጣ። ግን ወሰደችላቸው።

«አባቴ፣ የዛሬው የመጀመሪያ ነው።»

«ሌላ አለሽ ልጄ?»

«የለኝም።»

«እጅሽ ይባረክ። ባዶም አያድርገው» አሉ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስት ዓሣ ተያዘላት። ልጆቹ ጠገቡ፣ ይመኑም መረቁን ጠጥቶ ላብ ላብ አለው። ትርንጎ ደስ ብሏት ተመስገን ስትል አመሸች።

በዚያ መንደር ጓንጉል የሚባል ጎረቤት ነበር። በሬ በቀንዱ ይዞ የሚጥል፣ ታንኳም መረብም ያለው ሰው ነው። ሰነፍ ጉልበተኛ ካያችሁ እሱን አስቡ። ዓሣ ተንጠልጥሎ ሲያይ፣ «ማን ጥልቁ ድረስ ይቀዝፋል?» አለ።

ትርንጎ ብትሄድ ቅርንጫፉ ተፈናጥሯል፣ ዓሣ የለም። በማግስቱም ብትሄድ ተፈናጥሯል፣ ዓሣ የለም። ልጆቹ ጦማቸውን አደሩ፣ ይመኑንም ትኩሳቱ መልሶ ያዘው። አፍራ ወደ አባ ውቤ ሄደች።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዓሣው እያመለጠኝ ነው፤ ድርሻዎ ዛሬም አልመጣም።»

«ልጄ፣ የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ሁለቱንም ቀን ጎህ ሲቀድ አሃያሽ ስትፈናጠር ሰማሁ። ዓሣው ሲወራጭ ሰማሁ። ቀጥሎ መቅዘፊያ ሰማሁ። የወሰደው ወግ የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ ድርሻዬ ይመጣልኝ ነበር።»

ትርንጎ ማን እንደሆነ ገባት። «እሱን በምን ጉልበቴ?» አለች።

«ጉልበቱ ለእሱ ይሁን። አንቺ አሃያ አለሽ። ያቺ ዓሣሽ ጉሮሮዬን አርሳኛለችና እኔም ልርዳሽ» አሉና ከጠንካራ ጠፍር ሸምቀቆ ሠሩላት።

ትርንጎ ከሁሉ ወፍራሙን አሃያ አጎነበሰች። ሸምቀቆውን ከጫፉ አስራ፣ ዓሣ በሚንጠለጠልበት ቦታ በቅጠል ሸፈነችው። ዓሣውን ሊወስድ የተዘረጋ እጅ በሸምቀቆው ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ሲስብ ደግሞ ትልቁ አሃያ ይለቀቃል።

በሦስተኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጓንጉል በታንኳው መጣ። አንድ ቀረሶ ተንጠልጥሏል። እጁን ዘረጋ። ሳበ። ጧ! አሃያዋ ከታንኳው ላይ አንስታ በአንድ እጁ አንጠለጠለችው። ጉልበተኛ ነውና ይጎትታል፤ በጎተተ ቁጥር ሸምቀቆው ይጠብቃል። ታንኳው መረቡን እንደጫነ ነፋስ እየገፋው ወደ ጥልቁ ሄደ።

ትርንጎ አባ ውቤን በበትራቸው እየመራች መጣች።

«ምን ያዝሽ ልጄ?»

«ትልቅ ነው አባቴ። ጢም አለው።»

«አምባዛ ነዋ!»

«አምባዛ እንኳ እንዲህ አይጮህም።»

«ዛሬ ሌላ ይዘሻል?»

«አልያዝኩም። የመጀመሪያው ይኸው ነው።»

«እንግዲያ የእኔ ነው» አሉ አባ ውቤ። «ወጉ ነው።»

«አባቴ፣ በፈጠረዎት ያውርዱኝ» አለ ጓንጉል።

«እንደ ዓሣ ልብላህ ብል ጥርስ የለኝም። ይመኑ እስኪነሣ ድረስ የዚህችን ሴት መንጠቆ ትጠብቃለህ። የቀኑን የመጀመሪያ ለእኔ፣ የቀረውን ለእሷ ታመጣለህ። እሺ?»

«እሺ አባቴ።»

ትርንጎ አወረደችው፤ ያበጠ እጁንም በለብ ያለ ውሃ አሸችለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአባ ውቤ ድርሻ አልቀረም። ከወር በኋላ ይመኑ በእግሩ ሐይቁ ዳር ወረደ፣ ልጆቹም በሰላም ከረሙ። ትርንጎ በዚያ መንገድ ባለፈች ቁጥር ያንን ቅርንጫፍ ዳሰስ ታደርገውና፣ «ስለ ጥፊህም ተመስገን» ትለው ነበር። የጓንጉል ታንኳ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። የሰው ፈላጊ የራሱን አጣ ማለት ይኼ ነው።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በዓሣ መረቅ አርሱልኝ። የመጀመሪያው ጭልፋ ግን ለእኔ አይደለም፤ ለማን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።