የአያ ጅቦ ሐምራዊ ገንዳ

አንድ ጊዜ፣ በረሃው ከባሕሩ ጋር በሚገናኝበት ዳርቻ፣ አያ አንበሶ በዋሻው ውስጥ የሚያስቀና የባሕር ውሃ ገንዳ ነበረው። በገንዳው ውስጥ ያሉት ድንጋዮች እንደ ሌላው ድንጋይ ግራጫ አልነበሩም፤ ከሥር እስከ ጫፍ ሐምራዊ ቅርፊት ለብሰዋል። ቅርፊቱ ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ የባሕር አልጌ ነው። ነገር ግን እንደ ሣር አይወዛወዝም፣ እንደ ልጋግ አያዳልጥም። ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ራሱም ድንጋይ ይሆናል፤ ሲያድግም ቀስ ብሎ፣ ማንም ልብ ሳይለው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ምድር ተንቀጠቀጠችና ገንዳው ለሁለት ተሰነጠቀ። ውሃው ፈሶ አለቀ፤ ድንጋዮቹም ደርቀው ነጡ። ከሥር እርጥበት ይዘው የተረፉት ሁለት ስባሪዎች ብቻ ነበሩ። እመት አንበሲት ደግሞ ያን ገንዳ ሳታይ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ እሷ ካልተኛች በዚያ ቤት ማንም አይተኛም። አያ አንበሶ የቀላ ዓይኑን እያሸ፣ በዋሻቸው የድንጋይ ገንዳ ያላቸውን ሁለት ጎረቤቶቹን፣ እመት ቀበሮንና አያ ጅቦን፣ አስጠራ።

«ለእያንዳንዳችሁ አንድ ስባሪ እሰጣለሁ» አላቸው። «ገንዳችሁን በባሕር ውሃ ሙሉ፤ ሌላ ድንጋይ ጨምሩበትና ቅርፊቱ እንዲዛመት አድርጉ። ነፋሱ አቅጣጫውን ሲቀይር መጥቼ አያለሁ። ገንዳው ሐምራዊ የሆነለት ከማዕዴ በቀኜ ይቀመጣል። ያልሆነለት ከጥንብ አንሶች ኋላ ተራውን ይጠብቃል።»

ያ ዓመት የረሃብ ዓመት ነበር። ሚዳቋው ሁሉ ወደ ደጋ ተሰዷል፤ ሥጋ የሚሸተው ከአንበሳ ደጅ ብቻ ነው። ከጥንብ አንሳ ኋላ የሚተርፍ ነገር ደግሞ ሽታው ብቻ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

እመት ቀበሮ ስባሪዋን በአፏ ይዛ ስትመለስ ሆዷ ይጮኽ ነበር። ይህ ቅርፊት እንዴት እንደሚያድግ አንዳች አታውቅም። «አላውቅም» ማለት ግን በዘሯ የለም። «አልጌም ቢሆን ያው ተክል ነው» አለች ለራሷ። «ተክል ደግሞ ፀሐይና ፍግ ይወዳል። በየቀኑ የሚኮተኩተው ካገኘማ ምን ይጎድለዋል!»

ይህን እያሰበች ሳለ አያ ጅቦ እያነከሰ ከተፍ አለ።

«እመት ቀበሮ፣ አንቺ ብልህ ነሽ፤ እኔም ራሴን አውቃለሁ። እባክሽ ምን ላድርግ? ያልሽኝን አደርጋለሁ።»

ቀበሮ ፈገግታዋን በጭራዋ ሸፈነች። ለራሴ ያሰብኩትን ገልብጬ ብነግረው መቀመጫው የኔ ነው፣ አለች በሆዷ።

«ካንተማ እደብቃለሁ?» አለችው። «በመጀመሪያ፣ ድንጋይህን ቀጥታ ፀሐይ እንዳታስመታው። ብርሃኑ ለስለስ በሚልበት በኩል አስቀምጠው።»

«እሺ።»

«ሥጋም ሆነ አጥንት ገንዳው ውስጥ እንዳይገባ። ባዶ ዛጎል ብቻ ሰብስበህ ጨምርበት።»

«ባዶ? ውስጡ ምንም የሌለበት?» አለ ጅቦ።

«ባዶ። ከዚያ ከባሕሩ ቀንድ አውጣ ለቅመህ ገንዳው ውስጥ ልቀቅ።» ቀንድ አውጣ ያገኘውን ሲግጥ የሚውል ፍጥረት ነው፤ ቅርፊቱን ግጦ ይጨርስልኛል ብላ ነው።

ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ቀንድ አውጣማ… ደህና ነገር ነበር።»

ቀበሮ ደነገጠች። ይሄ ሆዳም ቀንድ አውጣዎቹን ከበላቸው ቅርፊቱን ማን ይግጥላታል? «ኧረ ተው አያ ጅቦ!» ብላ ጮኸች። «ቀንድ አውጣ የበላ ጥርሱ ይረግፋል! አያቴ ናት የነገረችኝ፤ ነፍሷን ይማር።»

ጅቦ በሁለት መዳፉ አፉን ያዘ። ጥርስ የሌለው ጅብ ምኑ ጅብ ነው!

«ውሃው በሙቀት ሲጎድል» ብላ ቀጠለች፣ «የባሕር ውሃ አትጨምር፤ ከምንጭ ቀድተህ እስከ ነበረበት ድረስ ሙላው። ደግሞ ይህን ልብ በል፤ ቅርፊቱ ዓይነ አፋር ነው። አትነካካው፣ ውሃውን አታማስለው፣ ዓይንህን አታፍጥጥበት። ነፋሱ እስኪዞር እርሳው።»

«መርሳትማ እችልበታለሁ» አለ ጅቦ ደስ ብሎት። ለውለታዋም ለክፉ ቀን ብሎ ቀብሮ ያቆያትን የፍየል ታፋ አምጥቶ ሰጣት።

ቀበሮ ሥጋውን በላች፤ አጥንቱን ለፍግ ብላ ገንዳዋ ውስጥ ጣለችው። የዋሻዋን ጣሪያ በስታ የቀትር ፀሐይ እንዲወርድበት አደረገች። ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣች። ማለዳ ማለዳ ድንጋዩን ታወጣዋለች፤ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ ታደርገዋለች፤ «በቅለሃል?» ትለዋለች፤ መልሳ ትከተዋለች። የዘገየባት ሲመስላት ውሃውን በሙሉ ደፍታ አዲስ ትሞላለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ውሃውን በቀየረች ቁጥር አረንጓዴ ልጋግ ተጋግሮ ይጠብቃት ጀመር። ብትጠርገው በማግስቱ ብሶ ይገኛል።

«እኔን እንዲህ ያደረገኝ፣ ያን ሞኝማ ምን አድርጎት ይሆን!» እያለች ትጽናናለች።

አንድ ቀን ልትስቅበት ብላ ወደ ጅቦ ዋሻ ብቅ አለች። ጅቦ ክንዱ ሥር ዛጎል አቅፎ፣ በሌላው መዳፉ ዓይኑን ሸፍኖ፣ ግድግዳ እየዳበሰ ወደ ገንዳው ያዘግማል።

«ምነው ዓይንህን ያዝክ?»

«እንዳያፍር ብዬ ነዋ!» አለ ጅቦ በሹክሹክታ።

ቀበሮ እስከ ቤቷ ድረስ እየሳቀች ሄደች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ግን አላስታወሰችውም።

ነፋሱ ዞረ። አያ አንበሶ እንቅልፍ ያጣች ሚስቱን አስከትሎ መጀመሪያ ወደ ቀበሮ መጣ። ገንዳው ሳይታይ ሽታው ተቀበላቸው። እመት አንበሲት አፍንጫዋን ይዛ ከደጅ ተመለሰች።

«ገና ነው ጌታዬ፣ ትንሽ እስኪበስል ነው» አለች ቀበሮ።

«አልፎበት ሸተተ እንጂ!» አለ አንበሳ።

«የአያ ጅቦን ሲያዩት የኔው ያምርዎታል» አለች፤ እሷም ልታይ ተከተለቻቸው።

ጅቦ ከደጁ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። «እኔ አላየሁትም ጌታዬ፤ እርስዎ ይዩልኝ» አለ።

ገቡ። ድንጋዩ ሐምራዊ፣ ዛጎሉ ሐምራዊ፣ የገንዳው ግድግዳ ሐምራዊ! ቀንድ አውጣዎቹ ሐምራዊውን ቅርፊት ምንም ሳይሉት፣ አረንጓዴውን ልጋግ ብቻ እየጋጡ ጠርገው አጥርተውታል፤ እንዲያውም አንደኛው ጀርባው ላይ ሐምራዊ ጠቃጠቆ አውጥቷል። በሙቀት የሚበንነው ውሃው እንጂ ጨዉ አይደለምና፣ የምንጩ ውሃ የገንዳውን ጨው እንደ ባሕሩ አቆይቶታል። እመት አንበሲት ከገንዳው አጠገብ ጋደም አለች፤ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረች።

ከዚህ በላይ ምስክር አላስፈለገም።

«አያ ጅቦ» አለ አንበሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን ጥበብ ከየት አመጣኸው?»

«ከኔማ ምን ይገኛል ጌታዬ! እመት ቀበሮ ናት ያስተማረችኝ። ለስላሳ ብርሃን አለች፣ ባዶ ዛጎል አለች፣ ቀንድ አውጣ አለች፣ የምንጭ ውሃ አለች፣ አትንካው አለች። አንዷንም አላጎደልኩ።»

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። «ይህን ሁሉ ካወቅሽ፣ ያንቺው ገንዳ ምነው እንደዚያ ሆነ?»

ቀበሮ ሁለት መልስ መዘነች። ሳላውቅ ነው የመከርኩት ብትል ውሸታም ልትባል ነው፤ አውቄ ነው ብትል ሰነፍ። ብልህ ስትባል ለኖረች ሁለቱም መራራ ነበሩ። በመጨረሻ ሰነፉን መረጠች።

«ለራሴ… ጊዜ አጣሁ ጌታዬ።»

«እንግዲያ እኛ ጊዜ እንስጥሽ» አለ አንበሳ። «መምህርቷ እያለች ሌላ ጠባቂ አንፈልግም። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ገንዳ አጠገብ ትቀመጫለሽ። ምግብሽንም ጥንብ አንሶች ሲጠግቡ ያመጡልሻል።»

ጥንብ አንሳ ጠግቦ አያውቅም። በግብዣው ዕለት ጅቦ በአንበሳ ቀኝ ተቀምጦ አጥንት ሲቆረጥም ድምፁ ቀበሮ እስካለችበት ዋሻ ይሰማ ነበር። ቀበሮ ሆዷን አቅፋ ገንዳውን ትጠብቃለች። ከአፍንጫዋ ሥር ደግሞ ቀንድ አውጣዎቹ፣ ወፍረውና ተመችቷቸው፣ ሽር ሽር ይላሉ። ግራ ቀኟን አየችና እጇን ቀስ አድርጋ ሰደደች።

«ተይ እመት ቀበሮ!»

ጅቦ ነው። ሊጠይቃት ብቅ ብሎ ኖሯል፤ ከድንጋጤው የተነሣ አፉ ውስጥ የነበረው ቅልጥም ወደቀ። «ጥርስሽ ሊረግፍ ነው እኮ! አያትሽ የነገረችሽን ረሳሽው?»

ቀበሮ እጇን ሰበሰበች። ጅቦም ቅልጥሙን አንሥቶ ከጎኗ ተቀመጠ። «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ፤ በሞኝነት እንድትጎጂ አልፈቅድም» አላትና፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የባለውለታውን ጥርስ ሲጠብቅ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ጎረቤቱን ለማሳሳት ሲል የሚመክር ብልጥ፣ ምክሩን አምኖ በትዕግሥት ከሠራ ሞኝ ኋላ እንደሚቀርና የገዛ ውሸቱ አጥር ሆኖ ከእንጀራው እንደሚከለክለው ነው።