በአስሩም ጣት የተደለደለው ሕዝብ

«ተረት መጣ!» ስላችሁ «በሩን ክፈቱለት!» በሉኛ። እሰይ። አንተ፣ መሳቁን ተው፤ ይሄኛው አያስቅም።

ድሮ፣ ሰው እንደ ከብት በሚነዳበት ዘመን፣ ትርፍ የሚባል ነገር የሚጠላ ንጉሥ ነበር። ሰው ሲማርክ በረድፍ ያሰልፋል፤ ከረድፉ የተረፈውን በሰይፍ ያስመታል። በማግስቱ በሌላ ቁጥር ያሰልፋል፤ ደግሞ የተረፈውን ያሳርዳል። እንዲህ እያለ ስንቱን አገር ጨረሰ መሰላችሁ!

አንድ ቀን የነዘርፌን አገር ማረከ። ዘርፌ የሸማኔው የድንበሩ ልጅ ናት፤ ከእሱ በቀር ዘመድ የላትም። እንደ ንጉሡ ልማድ ምርኮኛው ሁሉ ለቆጠራ በር ላይ አንዳንድ ጠጠር ጣለ። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንድ ጠጠር!

ድንበሩ ዕድሜውን ሙሉ ድር ሲከፍል የኖረ ሰው ነውና ክምሩ አጠገብ ቁጭ አለ። ሁለት ሁለት አደረገው፤ አንድ ተረፈ። ሦስት ሦስት አደረገው፤ አንድ ተረፈ። እስከ አስር ሞከረው፤ ሁሌም አንድ!

«አባዬ፣ ምን ጉድ ነው?» አለች ዘርፌ።

«አንዷ ናት የምታስጨርሰን፣ ልጄ። እሷ ብትወጣ በአስሩም ጣት፣ ከአንድ እስከ አስር በየትኛውም ቁጥር ብንደለደል ትርፍ የለንም።»

«ማን ይውጣ ታዲያ?»

 

ሲነጋ ድንበሩ ንጉሡ ፊት እጅ ነሳ።

«ጃንሆይ፣ ሦስት ጊዜ ይደልድሉን። ቁጥሩን ራስዎ ይምረጡ፤ ከአስሩ ጣትዎ ብቻ አይለፍ፣ ከጣት ያለፈ ቁጥር ለክርክር ነው። አንድ ሰው ከተረፈ ሁላችንንም ይፍጁን። ካልተረፈ ይልቀቁን።»

ንጉሡ ሳቀ። «ይህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው ሳይተርፈው? በራሴ ምያለሁ!» ሠራዊቱ ሁሉ መሐላውን ሰማ።

ይሄኔ ድንበሩ ቀና ብሎ፣ «አንተ ጅብ፣ ደግሞ መቁጠር ታውቃለህ?» አለው።

ወይ ጉድ! የንጉሡ ደም ፈላ፤ እዚያው አንገቱን አስቀላው። ዘርፌ «አባዬን! አባዬን!» እያለች ፊቷን ነጨች፤ መሬት ላይ ተንከባለለች።

ከዚያ ድልድሉ ተጀመረ።

«ሰባት ሰባት ሁኑ!» ተሰለፉ። የተረፈ የለም።

«ዘጠኝ ዘጠኝ ሁኑ!» ተሰለፉ። የተረፈ የለም። ንጉሡን ላብ አጠመቀው።

«ስምንት ስምንት ሁኑ!» አሁንም የለም። ያኔ ነው ዘርፌ የገባት። ትርፉ አባቷ ነበር፤ ንጉሡን ሰድቦ ራሱን ያስወጣው ለዚህ ነው። እንባዋን እየዋጠች ረድፏ ውስጥ ቆመች።

«አስራ አንድ አስራ አንድ ሁኑ!» ብሎ ጮኸ ንጉሡ። ልጆች፣ በአስራ አንድማ ቢሆን አንድ ሰው ይተርፍ ነበር!

የጦር አዛዡ ግን ሰይፉን መሬት ጣለ። «ጃንሆይ፣ ሦስቱ አልቋል፤ ጣትዎም አስር ነው። መሐላ ከሚበላ ጌታ ጋር አንውልም።»

ምርኮኛው በአንድ በኩል፣ ወታደሩ በሌላ በኩል ሄደ። ንጉሡ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ተረፈ። ቢጮህ የሰማለት የለም።

ዘርፌ አባቷን ቀብራ አገሯ ገባች። ሌላው ሰው እልል አለ፤ እሷ ግን ምን ብላ እልል ትበል? ያን ንጉሥ እስከ ዛሬ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይሉታል።

ተረቴን መልሱልኝ፤ በዳቦው ፈንታ ለድንበሩ «ነፍስ ይማር» በሉልኝ።