ቀማሽ ያጣው ዋንጫ

ገርበቢት በምትባለው የደጋ መንደር፣ ከረግረጉ ዳር፣ በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ገንቦ ብቻ የሚወጣ አረቄ አለ። አይሸጥም፤ ለሠርግም አይቀርብም። ጭስ ጭስ ይላል፤ ኃይሉም የዋዛ አይደለም። ሲቀዳ በሁለት ዋንጫ ነው፤ አንዱን የቤቱ ሰዎች ይቃመሱታል፣ በሁለተኛው ላይ ግን አንዲት ጠብታ ውሃ ይጣልበትና የመንደሩ ሰው አፉን ሳያስነካው ተከድኖ ይቀመጣል። ሽማግሌዎች ይህን ልማድ የሚያያይዙት ይርገዱ ከምትባል አረቄ አውጪ ጋር ነው።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን ክረምቱ አልወጣ ብሎ እንጨቱም ኩበቱም ራሰ። የይርገዱ ባል ዘለቀ ታዲያ ከረግረጉ ጥቁር አፈር እየቆረጠ ያመጣ ነበር፤ አፈሩ ምድጃ ዳር ሲደርቅ እንደ ኩበት ይነዳል። ረግረጉ ሰው ይውጣል ብለው ሲያስጠነቅቁት፣ «እኔንማ ከዋጠኝ ያንቀዋል» እያለ ይስቅ ነበር ይባላል። አንድ ማለዳ እንደወጣ ቀረ። እኩለ ቀን ላይ አህያዋ ሁለት ስልቻ አፈር እንደተጫነች ብቻዋን መጣች።

ሰባት ቀን ተፈለገ። ረግረጉ ሰፊ ነው፤ የአህያዋን ዱካም ዝናብ አጥቦታል። እናቱ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ «ልጄን ከአያቶቹ ጎን ሳላስተኛው እኔም አልተኛም» ብለው ፊታቸውን ወደ ረግረጉ አዙረው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ይርገዱም የአርባውን ድግስ ማሰናዳት ነበረባት። ብቅሉ ርሶ ሊበላሽ ሆነ፤ ሌላ ማገዶ ስላልነበራት አህያዋ ያመጣችውን አፈር አንድዳ በጭሱ አደረቀችው። በዚያ ሰሞን ከጭሱ ውስጥ የዘለቀን ሳል ትሰማ ነበር አሉ፤ ዞር ስትል ማንም የለም።

ድፍድፉ ደረሰና አረቄውን አወጣች፤ ያንኑ መልሳ ዳግም አወጣችው። የመጀመሪያውን ፍንጃል ስትቀምስ ምላሷ ተቃጠለ እንጂ ከእሳትና ከጭስ በቀር ምንም አላገኘችበትም።

«ልጄ፣ ይኼ ሰው ይገድላል፤ ውሃ ጣል አድርጊበት» አሏት ወይዘሮ ደብሪቱ።

አንዲት ጠብታ ጣለችበት። እንደገና ስትቀምሰው እሳቱ ጋብ አለና ከበስተኋላው ሌላ ጣዕም ብቅ አለ፤ ጦስኝ። ጦስኝ ደግሞ እርጥብ መሬት አይወድም፤ በዚያ ሁሉ ረግረግ ውስጥ የሚበቅለው በአንዲት ደረቅ ጉብታ ላይ ብቻ ነው። አህያዋ የመጣችው ከዚያ ነበር ማለት ነው። ባሏ የት እንደቀረ የሚናገረውን አፈር በገዛ እጇ አንድዳ ጨርሳዋለች፤ የቀረው ፍንጃሉ ውስጥ ያለው ነው።

«እማማ፣ የት እንዳለ አወቅሁ።»

የመንደሩ ወንዶች፣ ሐዘኑ ሳያንሳት አረቄ ጨመረችበት ብለው ተሳሳቁባት። ጉብታው ያለው ረግረጉ እጅግ በሚከፋበት ላይ ነው፤ ለአንድ ጉንጭ አረቄ ብሎ ነፍሱን የሚሰጥ ማን አለ? የዘለቀ ታናሽ ወንድም ጥላዬ ግን ፍንጃሉን ተቀብሎ ቀመሰ። ከዚያ ገመድ አምጡ አለና ወገቡ ላይ አሰረ፤ ይርገዱም ተከተለችው።

ከጉብታው ግርጌ አገኙት። ጭቃው ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ ጠቁሯል እንጂ ያው ዘለቀ ነው፣ ምንም አልፈረሰም። ሲጎትቱት ግን አልወጣ አላቸው። ከሥሩ የሌላ ሰው እጅ ቁርጭምጭሚቱን ጨብጦታል። ረግረጉ የዋጠውን አያበሰብስምና ያም ሰው ገላው ሙሉ ነው፤ ፀጉሩ ቀልቷል፣ የለበሰው ልብስ የማንም አያት ለብሶት የማያውቅ ነው።

«ርኩስ መንፈስ ነው፣ እዚያው ይቅር!» ብሎ ጥላዬ ጮኸ።

ይርገዱም ፈርታለች። ሆኖም ጭቃው ላይ ተንበርክካ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀች። «እሱንም አውጡት። ደጃፍ ላይ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ነበረው፤ እዚህ የቀረው የሚቀምስለት አጥቶ ነው» አለች።

ሁለቱም በአንድ ቀን ተቀበሩ፤ ዘለቀ ከአያቶቹ ጎን፣ እንግዳው ከዘለቀ እግር ሥር። በዚያ ቀን ወይዘሮ ደብሪቱ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ይርገዱ ግን ያ እጅ ከዓይኗ አልጠፋ አለ። በዓመቱ፣ ቀምሶ የሚያውቀው ወገን ቢመጣለት ብላ፣ እንግዳው ከተገኘበት ረግረግ አፈር አስቆርጣ ብቅሏን በጭሱ አደረቀች፤ እስከ ዕለተ ሞቷም ይህንኑ ስታደርግ ኖረች።

ዛሬም ገርበቢት እንግዳ ሲመጣ ሁለተኛው ዋንጫ ይከፈትለታል። «ይቅመሱት፤ ያውቁት እንደሆነ» ይባላል። አንዱ ጭስ ነው ይላል፣ ሌላው ጦስኝ፣ ሌላው የማር ሰፈፍ። ሁሉም አላውቀውም ብሎ ይመልሰዋል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከየት እንደመጡ ያልታወቁ አንዲት አሮጊት ቀምሰው፣ «አውቀዋለሁ፤ ስሙ ግን ጠፋብኝ» ብለው አለቀሱ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ዋንጫው የሚቀመጠው ከበሩ አጠገብ ነው፤ ምናልባት ስሙ ትዝ ብሏቸው ይመለሱ እንደሆነ።