የጎረቤት ደንበኛ

ለማኝ የማያሰለቸው፣ ሲሰጥ የማይጎድልበት አላህ ምስጋና ይገባው። ግንቧ ባረጀ፣ መስጊዶቿ በተቀራረቡ አንዲት የንግድ ከተማ ሐጂ ሸምሰዲን የሚባሉ የልብስ ስፌት መኪና ነጋዴ ነበሩ። ከዕቃቸው ጥቅም አስቀድመው ዐይቡን፣ እንከኑን፣ የሚያሳዩ ሰው ናቸው። «ይህኛው ሲፈጥን ይጮኻል፤ ጆሮሽ ከቻለው ውሰጂው» ይላሉ።

ዘመኑ ገበያውን ወደ ስልክ ሲያሻግረው ሐጂ ዲጂታል ማርኬቲንግ የተማረ ሙነወር የተባለ ወጣት ቀጠሩ። አጠገባቸው ያለው ሱቅ ደግሞ የሙነወርን የትምህርት ጓደኛ ረምዚን ቀጠረ። የረምዚ ቪዲዮዎች እጁን ብቻ እያሳዩ፣ ድምፁን እያሰሙ ክር አገባብን፣ መርፌ አለዋወጥን ያስተምራሉ፤ ተከታዩም ከቀን ወደ ቀን በዛ። ሙነወር ግን «ጥራት ያለው! ፍጠኑ! ዋጋ በውስጥ መስመር!» እያለ ቢጮኽ፣ ላይክ የሚያደርጉለት የአክስቱ ልጆች ብቻ ሆኑ።

ሐሰድ፣ ያ ክፉ ቅናት፣ ገባበት። ፈጅርን ሰግዶ ተስቢሑን ሳይጨርስ የረምዚን ገጽ ይከፍታል። ሰው ከሥሩ «ማሻአላህ» ብሎ ሲጽፍ አንጀቱ ያርራል። ረምዚ በደጃፉ ሲስቅ ከሰማ በእርሱ የሳቀበት ይመስለዋል። በመጨረሻ የሱቃቸውን ገጽ ቀለሙን፣ የፊደሉን ቅርጽ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይቀር የረምዚን አስመስሎ ሠራው። ይህንንም ስትራቴጂ ብሎ ጠራው።

አንድ ቀን የገጠር ሴቶች ማኅበር መሪ የሆነች ሰዕዲያ የተባለች ሴት በዚያ ገጽ ረዥም መልእክት ላከች። መጀመሪያው «ክር አገባብ የምታስተምሩን እናንተ ናችሁ ወይ?» ይላል። ሙነወር የረምዚ ደንበኛ መሆኗን እንዳወቀ ልቡ በደስታ ዘለለ፤ የቀረውን ሳያነብ «አዎ፣ እኛ ነን፤ ይምጡ» ብሎ መለሰ።

ሰዕዲያ ባልንጀሮቿን አስከትላ መጣች። በዚያ ወራት ገበያው ቀዝቅዞ፣ የሐጂ መጋዘን ባልተሸጠ ዕቃ ተጨናንቆ ነበር። ሙነወር ደረቱን ነፍቶ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አላቸው።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አባቴ» አለች ሰዕዲያ ወደ ሐጂ ዞራ። «ያ የሚያስተምረን ልጅ የታለ? የእርሱ ድምፅ ከዚህኛው ይወፍራል።»

«እንግዲያው ይኼኛው ያስተማራቸው ሲሰፉ አላየንም» አለች ከሴቶቹ አንዷ፣ በክራንች የተደገፈች። ሴቶቹ ሳቁ።

ሐጂ አልሳቁም። «ወዐለይኩም ሰላም፣ ልጄ። ያ ልጅ የጎረቤቴ ነው። እናንተን የጠራው የእርሱ ቃል ነው፤ ወንድሜ በጀመረው ሽያጭ ላይ መግባት ለእኔ አይሆንም።» ከዘራቸውን አንሥተው እስከ ጎረቤት ደጃፍ አደረሷቸው።

ሲመለሱ ሙነወር ፊቱ ከል መስሎ ጠበቃቸው።

«ሐጂ፣ ደጃችን የመጣ ሪዝቅ፣ አላህ የላከልን እንጀራ፣ ለእርሱ ይሰጣል?»

«ሪዝቅ በውሸት አይጠራም።» ተቀመጡና «እስቲ ስለ ረምዚ ንገረኝ» አሉት።

ሙነወር ዘረገፈው፤ ረምዚ በስንት ሰዓት ቪዲዮ እንደሚለቅ፣ ለማን መልስ እንደሚሰጥ፣ ሱቁ ውስጥ በእግር ከሚረገጠው መኪና በቀር ሌላ እንደሌለው ሁሉ።

«ስለ ሴትዮዋስ? ምን ፈልጋ መጣች?»

ሙነወር ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«የጻፈችልህን አንብብልኝ።»

ስልኩን ከፈተ። ድምፁ እያነሰ ሄደ። «ከመካከላችን አንዷ እግሯ አይታዘዝላትም። በእጅ የሚዞር መኪና አላችሁ ወይ? ከሌላችሁ ይህን ሁሉ መንገድ አናደክማት።»

በእጅ የሚዞረው መኪና በሐጂ መጋዘን አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ሐጂ ሂድ አላሉትም። በረምዚ ፊት መዋረድ ለሙነወር ሞት ነበር፤ ቢሆንም ተነሣ፤ መኪናውን ተሸክሞ የጎረቤቱን ደጃፍ ተሻገረ።

«እህቶቼ፣ መልእክታችሁ የደረሰው ለእኔ ነው። ዋሽቻችኋለሁ፤ አፉ በሉኝ። ይህ በእጅ የሚዞር ነው፤ ከእኛ ዘንድ አለ።»

ረምዚ ሳቀ። «አንተ ሰው፣ የሌለኝን ዕቃ እንኳ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለህ!»

ባለክራንቿ መኪናውን አዙራ ሞከረችና ገዛችው። ሌሎቹ ከረምዚ ገዙ።

ሙነወር ተመለሰ። «አፉ ብለውኛል፣ ሐጂ። ቅናቱ ግን አሁንም ይበላኛል።»

«ልብህን ቢነክስህ ታገሠው» አሉ ሐጂ፤ «ዐይንህን ግን አትስጠው።»

ሐጂ ወጣቱን በአንድ ቀን መልአክ ሁን አላሉትም። በዚህ በማርኬቲንግ ሙያ መኖር የሚሻ ሁሉ ስትራቴጂ ከየት እንደሚጀምር ይጠይቃል። ተፎካካሪው ላይ የተተከለ ዐይን ያ ተፎካካሪ ያለውንና የሌለውን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ እግሯ የማይታዘዝላት ሴት ከሩቅ ስትመጣ ግን አያያትም። ዕቅድ የሚጀምረው ከእርሷ ጉዳይ ነው፤ ሐላል ትርፍም እንዲሁ። ልብን የሚገለባብጠው ጌታ ነው። ዐይናችንን ወዲያና ወዲህ የምናዞረው ግን እኛው ነንና፣ የምንጠየቀው ስለ ዐይናችን ነው።