የጅብ መኪና ለምን ተንቀጠቀጠች

አንድ ጊዜ ጅብ መኪና ነበረው። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ ግን አራቱም ጎማዋ ይጎትታል፤ ጭቃም ድንጋይም አይበግራትም። ከቆላ ጨው፣ ከደጋ እህል እየጫነ የአውሬውን ሁሉ ገበያ የሚያደርሰው እሱ ነበር። የሚጭንለት አህያ ነው። የምትጠግንለት ቀበሮ ናት።

ጅብ ግን በመኪናው አልረካም። አጥር ባየ ቁጥር ከአጥሩ ወዲያ ምን እንደሞተ ማወቅ ይፈልጋል። አንድ ቀን ቀበሮ ዘንድ ሄደና፣

«እመት ቀበሮ፣ መኪናዬን ከፍ አድርጊልኝ» አላት።

«ምን ያህል?»

«ከወንበሬ ሳልነሳ የጎረቤቴን ጓሮ እስካይ ድረስ።»

ቀበሮ ረጃጅም ሞላ ከሥሯ አስገባች፤ ትልልቅ ጎማ ገጠመችላት። መኪናዋ ተራራ አከለች። በፊት እስከ አህያ ደረት ይደርስ የነበረው መጫኛዋ አሁን ከጆሮው በላይ ሆነ። አህያ ሲጨመርበት መናገር አልለመደም።

በሳምንቱ ጅብ ጭንጫ በር የሚባለውን ቁልቁለት ሲወርድ የፊት ጎማው ጉድጓድ ገባ። ያን ጊዜ መሪው እጁ ውስጥ አበደ። ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ ይላል። የጅብ ጥርስ ተንቀጫቀጨ፤ ኮፈኑ ዘለለ፤ ከኋላ የተሳፈረው አህያ ከጨው ጋር ተንከባለለ። መኪናዋ የቆመችው ከገደሉ አንድ ክንድ ሲቀራት ነው። ከዚያ ወዲህ ቀስ ብለው ሲነዷት ደህና ናት። ፈጠን ብለው ጉድጓድ ሲነኩ ያው መንቀጥቀጥ ይመጣል።

የዚያን ዕለት ጅብ ወርዶ መጀመሪያ ገደሉን አየ። ቀጥሎ አህያን አየ። አህያን ሲያይ ምራቁን ዋጠ።

«አንተ ነህ!» አለ። «በዓይንህ ነው ያንቀጠቀጥካት። ቡዳ ነህ!»

«አያ ጅቦ፣ የቡዳን ነገር እንኳ እርስዎ ባያነሱት ይሻል ነበር» አለ አህያ።

«ደግሞ ትሳደባለህ! አንበሳ ፊት እንገናኝ። ካሳዬ አንተው ነህ፤ ከነጆሮህ።»

ጉዳዩ ከጭንጫ በር አናት ላይ በሚኖረው አንበሳ ዘንድ ቀረበ። አንበሳ ራሱ በዚያች መኪና ጭንጫ በርን ወርዶ የማዶውን አውሬ ሊጎበኝ አስቧል። ስለዚህ ነገሩን ቀላል አላደረገውም። ቀበሮን አስጠራ።

«ሦስት ቀን ሰጥቻለሁ» አለ። «ሌላ ምክንያት ካለ ፈልጊና አምጪ። ከጠፋ አህያን ጅብ ይውሰደው።»

አህያ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሣር አልወርድ አለው። ጅብም መብላት ተወ፤ እሱስ ለአራተኛው ቀን ሆዱን ባዶ ማቆየት ፈልጎ ነው።

ቀበሮ ሥራ ጀመረች። በመጀመሪያው ቀን የመኪናዋን ፊት በክሪክ አንጠለጠለችና ጎማውን በእጇ አሽከረከረች። «ጎማው ሚዛን የለውም» አለች። ሌላ ጎማ ገባ። ጅብ ነዳ፤ ተንቀጠቀጠች። በሁለተኛውም ቀን አንጠለጠለቻት። «መሪውን ረገብ የሚያደርግ ሾክ ያስፈልጋታል» አለች። ሾኩ ገባ። ጅብ ነዳ፤ እስከ ወንዙ ደህና ሄደችና ከወንዙ ወዲያ ተንቀጠቀጠች።

«ምን ተሻለ?» አለ አንበሳ።

«በፊት ከወንዙ ወዲህ ነበር ጌታዬ። አሁን ከወንዙ ወዲያ ነው። ትልቅ ለውጥ ነው።»

በሦስተኛው ቀንም አንጠለጠለቻት። ከሥር ገባች፤ ብሎኑን ሁሉ ነካካች፤ ወጥታ እጇን ጠረገች። አንበሳን ጠርታም የተንጠለጠለውን ጎማ ገፋ ገፋ እያደረገች አሳየችው።

«ይኸው፣ ምንም አይነቃነቅም። መኪናዋ ጤነኛ ናት። እንግዲህ የቀረው ምክንያት አህያ ብቻ ነው።»

ጅብ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ብዬ ነበር! በሉ በርበሬ አምጡ፤ ጨውስ መኪናዋ ላይ አለ።»

አንበሳ ወደ አህያ ዞረ። «የምትለው አለህ?»

«አለኝ ጌታዬ» አለ አህያ። «እኔ ባነክስ ጊዜ ሁሉም እግሬን አንስቶ ነው የሚያየው። የተነሳ እግር ደግሞ አያመኝም። የሚያመኝ ስረግጥበት ነው፤ ያውም ሸክም ሲኖርብኝ። እመት ቀበሮ ሦስቱንም ቀን መኪናዋን ያዩዋት አንጠልጥለው ነው። ተንጠልጥሎ የሚታመም ማን አለ?»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«በእግሯ ትቁም። ጨው እንደተጫነባት ይሁን። አያ ጅቦ ወንበራቸው ላይ ወጥተው መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ ያወዛውዙት፤ አይንዷት። አንዳችን ደግሞ ከሥር ተኝተን የሚነቃነቀውን እንይ።»

ከሥር መተኛት ለማንም ደስ አይልም።

«እኔን ወገቤን አሞኛል» አለች ቀበሮ።

«እኔ ብተኛ ያየሁትን ማን ያምነኛል?» አለ አህያ።

ሁሉም አንበሳን አየው፤ ወዲያው ደግሞ ሁሉም ዓይኑን ሰበረ።

«ምን ታፍራላችሁ?» አለ አንበሳ። «እኔ ከመተኛት በቀር ቀኑን ሙሉ ምን እሠራለሁ?»

መኪናዋም ሥር ገብቶ በጀርባው ተዘረጋ። ጅብ ወንበሩ ላይ ወጥቶ መሪውን አወዛወዘ። ቀኝ። ግራ። ቀኝ። ግራ።

«ቁም!» አለ አንበሳ። «እስቲ ድገመው።»

ጅብ ደገመው።

«ቀበሮ፣ ይሄ ከመኪናዋ አካል ተነስቶ በአግድም ወደ ፊት እግሯ የሚሄደው ብረት ሥራው ምንድን ነው?»

«እግሯ ወዲህና ወዲያ እንዳይሸሽ ይይዛል ጌታዬ» አለች ቀበሮ። ድምጿ ቀጠነ።

«ምንም አልያዘም። ጫፉ ላይ ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ይጨፍራል። ብሎኑ ትንሽ ጣት ያህላል፤ ቀዳዳው አውራ ጣት ይውጣል። ማን ነው እንዲህ አድርጎ የገጠመው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ቀበሮ ዞረ። መኪናዋን ማን ከፍ እንዳደረጋት ሁሉም ያውቃል።

«ከፍ ስትል ብረቱ አልደርስ አለ» አለች ቀበሮ በመጨረሻ። «ፈታሁት፣ ጎትቼ ሌላ ሰፊ ቀዳዳ ላይ ገጠምኩት። ልኩን ብሎን እስካገኝ ይታገሱኝ ብላቸው አያ ጅቦ ‹የጥንብ ሽታ መጣ፣ ቶሎ በይ› ብለው አስቸኮሉኝ። ባገኘሁት አሰርኩት።»

«ሦስት ቀን ስትነካኪያትስ አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ። ግን አየሁ ካልኩ የማን ሥራ ነው ትሉኛላችሁ።»

«አህያው ቢበላስ?»

«ጌታዬ፣ አህያ እንደሆነ በሆነ ምክንያት መበላቱ አይቀርም።»

ይህን ጊዜ ጅብ አንገቱን በመስኮት አወጣ። ከነገሩ የገባው ግማሹ ነው። «እና አሁን የሚበላው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

አንበሳ አቧራውን አራግፎ ተነሳ። «ልኩን ብሎን አስገቢ» አላት ቀበሮን። ቀበሮ ፈልጋ አመጣች፤ አስገባች፤ አጠበቀች።

«አሁን ደህና ናት?»

«ደህና ናት ጌታዬ።»

«እንግዲያው ከጅብ ጎን ተቀመጪ። ጭንጫ በርን ውረዱና ያንን ጉድጓድ ፈጠን ብላችሁ ንኩት። እኔ እዚህ ሆኜ አያችኋለሁ።»

ቀበሮ ልትሳፈር እግሯን አነሳች። መለሰችው። ተመልሳ ከሥር ገባችና እንደገና አጠበቀች። ወጣች፤ ገደሉን አየች፤ ለሦስተኛ ጊዜ ገባች። አሁን ረጃጅሙን ሞላ አውጥታ የድሮውን መለሰች። ጅብ «አጥሩ! አጥሩ ሊጋርደኝ ነው!» እያለ ቢጮህ አልሰማችውም። ብረቱንም ከሞላው ጋር ወደ ድሮ ቦታው መለሰችው። ከዚያ በኋላ ዓይኗን ጨፍና ተሳፈረች።

ወረዱ። ጉድጓዱን ነኩት። መኪናዋ አንዴ ነጠረችና ቀጥ ብላ ሄደች።

«እንግዲህ ነፃ ነህ» አለ አንበሳ ለአህያ። «ሲመለሱ ተሳፍረህ ወደ ቤትህ ሂድ።»

«ጌታዬ፣ የዳነችው መኪናዋ ናት እንጂ ሹፌሩ ያው ጅብ ነው» አለ አህያ። «እኔ በእግሬ እሄዳለሁ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ነገር ሲበላሽ የሚበላ ጥፋተኛ ከመፈለግ በፊት ዝቅ ብሎ ሸክሙ ያረፈበትን ቦታ ማየት እንደሚገባ ነው።